አባ ክሩሽካ የደከሙት ለራሳቸው አልነበረም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ስለ አባ ቫትስዋፍ ክሩሽካ ነው። በአሜሪካ የፖላንዳውያንን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅልለው ስለጻፉት፣ ለወገኖቻቸውም መብት ስለተሟገቱት ቄስ። ስለ እኚህ ሰው በአማርኛ ሲጻፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ስጨርስ ግን ከፍቶኝ ነበር።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸ ነው። አባ ክሩሽካ ወሬ ለቃሚ እንጂ የታሪክ ሰው አይባሉም። ሮም ድረስ የሄዱት ጳጳስ ለመሆን ጓጉተው ነው። ቤተ ክርስቲያንን ከፍለዋል። ስደተኛው አሜሪካዊ እንዳይሆን ወደ ኋላ ጎትተውታል። የወንድማቸው ጋዜጣ አፈ ቀላጤ ነበሩ። በመጨረሻም ያሰቡት ሁሉ ከሽፎ ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም።

እኔ የምኖረው እሳቸው በኖሩበት ከተማ፣ በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በሚልዋኪ ነው። መጽሐፋቸውን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመልሱ በፊት ሰውየውን ላላወቀ አንባቢ ጥቂት ልበል። አባ ክሩሽካ በ1868 ሲወለዱ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ የለችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሦስት ጊዜ ቆርሰው ጨርሰዋታል። የእሳቸው መንደር ለፕሩሲያ የደረሰው ክፍል ውስጥ ነበረች። ፊደል በሚቆጥሩበት በ1870ዎቹ የፕሩሲያው መሪ የቢስማርክ መንግሥት ፖላንድኛን ከትምህርት ቤት እያስወጣ ነበር። የአካባቢው ሊቀ ጳጳስ ሌዶሆቭስኪ አልታዘዝም ብለው በ1874 ታሰሩ፤ የተፈቱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ቋንቋው ከትምህርት ቤት ሲባረር እያየ ያደገ ልጅ፣ ሲጎለምስ ስለ ቋንቋ ቢሟገት አይገርምም።

በ1893 አሜሪካ ገቡ። በ1895 ቅስና ተቀበሉ። በዓመቱ ሪፐን ወደምትባል ትንሽ የዊስኮንሲን ከተማ ተመደቡ። እስከ 1909 እዚያ ቆዩ። ከዚያ በሚልዋኪ የቅዱስ አዳልበርት አጥቢያ ተሰጣቸው፤ በ1937 እስኪያርፉ ድረስም እዚያው አገለገሉ።

«የታሪክ ሰው አይባሉም»

የጽሑፉ የመጀመሪያ ክስ ይህ ነው። «ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው ታሪክ አልተማሩም፤ መጽሐፋቸው የየአጥቢያው ወሬ ክምችት ነው» ይላል።

እውነት ነው፣ ዲግሪ አልነበራቸውም። ግን እስቲ ጊዜውን እናስበው። መጽሐፋቸው «የፖላንዳውያን ታሪክ በአሜሪካ» ከ1905 እስከ 1908 በ13 ቅጾች ነው የወጣው። በዚያን ጊዜ የስደተኛውን ፖላንዳዊ ታሪክ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ የት ነበር? ቤተ መዛግብት የለ፣ ሙዚየም የለ፣ የታሪክ ማኅበር የለ። ስደተኛው ራሱ ወደብ ላይ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ ጀርመን ወይም ሩሲያዊ ወይም ኦስትሪያዊ ተብሎ ነው። አገሩ ስለሌለች ስሙም የለም። የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ መቼ ሞተ የሚለው የተጻፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ።

ስለዚህ አባ ክሩሽካ ወደ አጥቢያዎቹ ሄዱ። የየቤተ ክርስቲያኑን የምሥረታ ታሪክ፣ ለኢዮቤልዩ በዓል የታተሙ ትንንሽ መጽሔቶችን፣ የቆዩ ጋዜጦችን፣ ከቄሶችና ከምእመናን የሚመጡ ደብዳቤዎችን ሰበሰቡ። የተጻፈውን መጀመሪያ በጋዜጣ በተከታታይ አወጡት። ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ ገና በሕይወት ያሉ ሰዎች እጅ ይገባል። «የለም፣ እንዲህ አልነበረም» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ወሬ ለቃሚ ለእርማት ራሱን እንዲህ ያጋልጣል?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1854 በዲሴምበር ወር መጀመሪያ በፕሩሲያ ሥር ከነበረችው ከሲሌዥያ የተነሱ ፖላንዳውያን ገበሬዎች በቴክሳስ የጋልቨስተን ወደብ ወረዱ። መቶ ያህል ቤተሰብ ይሆናሉ። ዕቃቸውን በተከራዩት ጋሪ ጭነው፣ አብዛኛው ሰው በእግሩ፣ ከሦስት ሳምንት ጉዞ በኋላ አባ ሞቺገምባ የሚባሉ ፍራንቸስካዊ ቄስ ወዳዘጋጁላቸው ቦታ ደረሱ። ቤት የለም። ጎጆ የለም። የገና ዋዜማ ነበረና አንድ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ሥር ቆመው ቅዳሴ አስቀደሱ። ቦታውን ፓና ማሪያ አሉት፤ ድንግል ማርያም ማለት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ቋሚ የፖላንዳውያን ሰፈር ይኸው ነው። የአባ ክሩሽካ መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ጅማሬዎችን ከየክፍለ ሀገሩ እየለቀመ አንድ ላይ ያስቀመጠ ነው። የገበሬ ጉዞ ታሪክ የማይሆነው በምን ሕግ ነው? ቴክሳስ ውስጥ ቅዳሴው በተቀደሰበት በዚያው በ1854፣ አባ ክሩሽካ ኋላ ባገለገሉባት በሪፐን ከተማ አንዲት ትንሽ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች የሪፐብሊካን ፓርቲን መነሻ ጥለዋል። ያ ስብሰባ ታሪክ ተብሎ ይዘከራል። የባሉጡ ዛፍ ቅዳሴም ለእኔ ከዚያ አያንስም።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። አባ ክሩሽካ በጻፉት ጠብ ውስጥ ራሳቸውም ወገን ነበሩ። በቺካጎ ትልቁን የፖላንዳውያን አጥቢያ ይመሩ በነበሩት በአባ ባርዚንስኪ ላይ ብዕራቸው ይከብዳል። ከቤተ ክርስቲያን ጥላ ውጪ ለኖረው ሰው የሰጡት ቦታም ትንሽ ነው። ጸሐፊው ይህን ብቻ ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር።

ግን ከእሳቸው በኋላ የመጡት ምን አደረጉ? በ1930ዎቹ በቺካጎ የፖላንዳውያንን ሙዚየምና ቤተ መዛግብት ያደራጁት ሜቺስዋፍ ሃይማን የሰበሰቡትና የጻፉት አባ ክሩሽካ ብዙ ያልሄዱበትን የድሮውን ዘመን ነው፤ ከ1608 እስከ 1865። በ1942 ደግሞ የፖላንዳውያን-አሜሪካውያን የታሪክ ማኅበር መሠረቱ ተጣለ። እነዚህ ሁሉ ሲነሱ ቤቱ ግማሹ ተሠርቶ ነበር የጠበቃቸው። ከ1993 እስከ 2001 የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ፑላ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ ትርጉም በ4 ቅጾች በዋሽንግተን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ለወሬ ክምችት ስምንት ዓመት አይደክምም።

«ጳጳስ ለመሆን ነው ሮም የሄዱት»

በጣም ያሳዘነኝ ይሄኛው ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በሚልዋኪ ደቡብ በኩል በአውራ ጎዳና የሚያልፍ ሰው አንድ ትልቅ ጉልላት ሳያይ አያልፍም። የቅዱስ ኢዮሳፋጥ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ወደ ሥራ ስሄድ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ድንጋዩ የመጣው ከቺካጎ ነው። እዚያ የነበረ የፌዴራል መንግሥት ፖስታ ቤትና ጉምሩክ ሕንፃ ሲፈርስ፣ አባ ግሩትሳ የሚባሉ የፖላንዳውያን ቄስ ፍርስራሹን በ20,000 ዶላር ገዙት። በ500 ያህል የባቡር ፉርጎ ተጭኖ ሚልዋኪ ገባ። የብረት ማቅለጫና የቆዳ ፋብሪካ የቀን ሠራተኞች የነበሩ ምእመናን ከደመወዛቸው እየቀነሱ አሠሩት። በ1901 ተጠናቀቀ። ቄሱ በዚያው ዓመት አረፉ፤ ዕዳው ግን ቀረ። ለብዙ ዓመታት የከፈለው ያው ሠራተኛ ነው።

አሁን ይህን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። ይህን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን በየከተማው የሚሠራ ሕዝብ፣ በመላው አሜሪካ አንድም ከእሱ ወገን የሆነ ጳጳስ አልነበረውም። ዜሮ። ጳጳሳቱ በአብዛኛው አየርላንዳውያን፣ የቀሩት ደግሞ በተለይ በዊስኮንሲን ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። የፖላንዳውያን ጥያቄ በአንድ ቃል ይጠራ ነበር፤ እኩል መብት።

በ1901 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በበፋሎ ከተማ ሁለተኛው የፖላንዳውያን ካቶሊኮች ጉባኤ ተደረገ። ጊዜው አስፈሪ ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር፣ በዚያችው በበፋሎ ከተማ፣ ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ በጥይት ተመትተው ሞተዋል። ገዳዩ ሊዮን ቾልጎሽ ከፖላንዳውያን ወላጆች የተወለደ ነው። ፖላንዳዊ የሚለው ስም በየመንደሩ በጥርጣሬ የሚታይበት ወቅት ነበር። አንገት መድፋት ይሻል ነበር። ጉባኤው ግን አንገቱን አልደፋም። ጥያቄውን ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ራሳቸው የሚያቀርቡ መልእክተኞች መረጠ። አንዱ የበፋሎው አባ ፒታስ፣ ሌላው አባ ክሩሽካ። ልብ በሉ፣ አባ ክሩሽካ ራሳቸውን አልላኩም። ተመርጠው ነው።

መንገዱ የተጀመረው በ1903 ነው። አባ ፒታስ ቀሩ። አባ ክሩሽካ ከአንድ የበፋሎ የቀድሞ የኮንግረስ አባል ጋር ተነሱ። ገና ከመነሻው ዕድል አልቀናቸውም። አቤት ሊሏቸው የተነሱት ሊዮን 13ኛ በጁላይ 20 አረፉ። አዲሱ ፒዮስ 10ኛ በኦገስት መጀመሪያ ተመረጡ፤ አዲስ ሰው ደግሞ ጉዳዩን ከሥር ጀምሮ ማወቅ አለበት። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሚስዮን አገር ስለምትቆጠር የምትተዳደረው ሚስዮኖችን በሚመራው የቫቲካን መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። የሚያሳዝነው ነገር፣ ከ1892 ጀምሮ ያንን መሥሪያ ቤት ይመሩ የነበሩት እኒያው በቢስማርክ ዘመን የታሰሩት ካርዲናል ሌዶሆቭስኪ ነበሩ። አባ ክሩሽካ ሮም ከመድረሳቸው አንድ ዓመት ቀድመው ሞተዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

እንግዲህ አንድ የገጠር ቄስ፣ የሚያውቁት ሰው በሌለበት፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ወራት ቆዩ። ከአሜሪካ ጳጳሳት ደግሞ «አትስሟቸው» የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። በመጨረሻ ኤፕሪል 15 ቀን 1904 ፒዮስ 10ኛ ፊት ቀረቡ። አባ ክሩሽካ ራሳቸው እንደተረኩት፣ የተሰጣቸው መልስ ውሳኔው ቶሎ እንደሚመጣና እንደ ምኞታቸው እንደሚሆን ለአሜሪካ ፖላንዳውያን እንዲነግሩ ነበር። በ1905 ሊቀ ጳጳስ ሲሞን ከሮም መጥተው የፖላንዳውያኑን ሰፈሮች ጎበኙ። ጁላይ 29 ቀን 1908 ፖል ሮድ የቺካጎ ረዳት ጳጳስ፣ የመጀመሪያውም ፖላንዳዊ-አሜሪካዊ ጳጳስ ሆነው ተቀቡ።

ፖል ሮድ። አባ ክሩሽካ አይደሉም። ሥልጣን ፈላጊ ቢሆኑ ኖሮ ምን ባደረጉ ነበር? በ1904 ከሮም ተመልሰው ዝም ቢሉ፣ ሊቀ ጳጳሳቸውን ቢያስደስቱ፣ ብዕራቸውን ቢያስቀምጡ ወረፋው ሊደርሳቸው ይችል ነበር። እሳቸው ግን ጳጳስ ከተሾመ በኋላም አላረፉም። «ረዳት ጳጳስ አይበቃም፤ የራሱ ሀገረ ስብከት ያለው ይሁን» አሉ። ሮድ የግሪን ቤይ ሀገረ ስብከት የተሰጣቸው በ1915 ነው። በሚልዋኪም በ1914 ኤድዋርድ ኮዝዎቭስኪ ረዳት ጳጳስ ሆኑ። አባ ክሩሽካ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአጥቢያ ቄስ እንደሆኑ ቀሩ። ሹመት የሚፈልግ ሰው የሚሾሙትን ሰዎች በየጊዜው አያስቀይምም።

«ቤተ ክርስቲያንን ከፈሉ»

እዚህ ላይ ጽሑፉ የዓመት ስህተት ሠርቷል። «ሮም ተስፋ ስታስቆርጣቸው እሳቸው ያቀጣጠሉት እሳት የአባ ሆዱርን መገንጠል አመጣ» ይላል።

አባ ፍራንቺሼክ ሆዱር ከሮም ተለይታ የወጣችውን የፖላንዳውያን ብሔራዊ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱ ቄስ ናቸው። በፔንሲልቫንያ፣ በስክራንተን ከተማ፣ የተለየውን አጥቢያ መምራት የጀመሩት በ1897 ነው። የተወገዙት በ1898 ነው። አባ ክሩሽካ ስለ ጳጳሳት ጉዳይ የታወቀውን ጽሑፋቸውን ያወጡት በ1901፣ ሮም የሄዱት በ1903። በኋላ የመጣ ነገር የፊተኛውን አያመጣም። እንዲያውም አባ ክሩሽካ ሮም ላይ ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ለሕዝቡ ከውስጡ እረኛ ካልተሰጠው ገና ብዙ ሰው ይወጣል የሚል። እሳቸው ራሳቸው አልወጡም። በ1907 ሆዱር በሆላንድ፣ በኡትሬክት፣ ከሮም ከተለዩት ብሉይ ካቶሊኮች ጳጳስነት ሲቀበሉ፣ አባ ክሩሽካ ሪፐን ሆነው ከሮም መልስ እየጠበቁ ነበር።

«ስደተኛው አሜሪካዊ እንዳይሆን ጎተቱት»

ጸሐፊው ይህን ሲሉ የአባ ክሩሽካን የ1901 ጽሑፍ ያነበቡት አይመስለኝም። ርዕሱ ራሱ ይናገራል። «ለብዙ ቋንቋ ሀገረ ስብከቶች ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ጳጳሳት» ነው የሚለው። ፖላንዳዊ ጳጳስ ለፖላንዳዊ ብቻ ይሁን አይልም። ክርክራቸው እንዲህ ነው። ጳጳስ ማለት አስተማሪ ነው። የመንጋውን ቋንቋ የማያውቅ አያስተምርም። እንደማይችል እያወቀ ሹመቱን የሚቀበል ደግሞ የማይወጣውን ግዴታ በራሱ ላይ ስለጫነ ከባድ ኃጢአት ሠራ። ይህን በሊቃነ ጳጳሳቱ ፊት ማለት በጣም ደፋር ነገር ነው። ክርክሩ ግን ለጀርመኑም፣ ለጣሊያኑም፣ ለቼኩም እኩል ይሠራል። ለራስ ወገን ብቻ መጮህ የሚባለው እንዲህ ያለው አይደለም።

ደግሞ ጽሑፉን ያወጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ኒውዮርክ በሚታተም በፍሪማንስ ጆርናል ላይ። ከጳጳሳቱ ጋር የተነጋገሩት በጳጳሳቱ ቋንቋ ነው። ስደተኛውን ከእንግሊዝኛ ሊያርቁ የፈለጉ ሰው ይህን አያደርጉም።

በዊስኮንሲን የቋንቋ ጥያቄ ከእሳቸው በፊትም ነበር። በ1889 የወጣው የቤኔት ሕግ ልጆች በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ሲያስገድድ ጀርመኖችና ፖላንዳውያን ተባብረው ተቃወሙ። በ1890 ምርጫ ሕጉን ያወጡት ተሸነፉ፣ በ1891 ተሻረ። እነዚያ ሰዎች ያሸነፉት በድምፅ መስጫ ካርድ ነው። ከዚህ የበለጠ አሜሪካዊነት ምን አለ?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ለመቶዎች ዓመታት ከእስክንድርያ የሚላኩልን ጳጳሳት ብዙዎቹ ቋንቋችንን ሳያውቁ ነው የሚመጡት። አቡነ ባስልዮስ በ1951 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1959 የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሲሆኑ «ኢትዮጵያን ከክርስቲያኑ ዓለም ነጠሏት» ያለ ሰው አላውቅም። የራስን ሰው በመንበሩ ላይ ማየት ምን እንደሚመስል አያቶቻችን ያውቁታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አባ ክሩሽካ 28 ዓመት ባገለገሉበት በቅዱስ አዳልበርት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በስፓኒሽ ይቀደሳል። የፖላንዳውያኑ ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ፤ የሜክሲኮ ስደተኞች መጡ። አንድ እሑድ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሴት አያቶች ነጠላ ሻርፕ ደርበው፣ ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገባሉ። ከውስጥ የሚሰማው መዝሙር በስፓኒሽ ነው። ቄሱም በራሳቸው ቋንቋ ያናግሯቸዋል። የ1901ን ጽሑፍ የጻፉት ሰው ይህን ቢያዩ የሚከፋቸው አይመስለኝም።

«የወንድማቸው ጋዜጣ አፈ ቀላጤ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ታላቅ ወንድማቸው ሚሃው ክሩሽካ በ1888 ሚልዋኪ ውስጥ «ኩርየር ፖልስኪ» የተባለውን የፖላንድኛ ዕለታዊ ጋዜጣ አቋቋሙ። በዊስኮንሲን ምክር ቤትም ተመርጠው አገልግለዋል። ኃይለኛ ሰው ነበሩ፤ ጋዜጣው ቄሶችንም ጳጳሳትንም አይምርም። የአባ ክሩሽካ ታሪክ መጀመሪያ የወጣው እዚያ ጋዜጣ ላይ ነው፤ በመጽሐፍ የታተመውም በጋዜጣው ማተሚያ ቤት ነው። ጋዜጣው ሲያጠቃ እሳቸው ዝም ያሉባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ያንን እኔም አልወደውም።

ግን የት ያሳትሙት? 13 ቅጽ የፖላንድኛ መጽሐፍ ማን ያትምላቸው ነበር? ቺካጎ ያሉት ተቀናቃኞቻቸው?

ዋጋውንም ከፍለውበታል። በፌብሩዋሪ 1912 የሚልዋኪው ሊቀ ጳጳስ ሜስመርና የዊስኮንሲን ጳጳሳት «ኩርየር»ን ማንበብ ከለከሉ። ማንበቡን የቀጠለ ሰው ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ይነፈገዋል። እስቲ ይህን ከቅርብ እንየው። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ቅዳሜ ማታ ለኑዛዜ ይገባል። «ጋዜጣውን ታነባለህ?» ይባላል። አዎ ካለ ፍትሐት የለም። ስለዚህ ጋዜጣና ቁርባን መምረጥ ሊኖርበት ነው። ሚሃው ጳጳሳቱን በ100,000 ዶላር ካሣ ከሰሱ። በ1916 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእሳቸው ላይ ፈረደ። ሚሃው በ1918 ሞቱ።

አባ ክሩሽካ በዚህ ሁሉ መካከል በአንድ በኩል የሥጋ ወንድማቸው፣ በሌላ በኩል የታዘዙለት ሊቀ ጳጳስ ነበሩባቸው። አጥቢያቸውን አልተዉም፤ ቅስናቸውንም አልጣሉም። አፈ ቀላጤ ቢሆኑ ኖሮ ከወንድማቸው ጋር መውጣት ቀላሉ መንገድ ነበር።

«ከሽፏል፣ ተረስቷል»

በ1908 አንድ ጳጳስ ብቻ መገኘቱ ትንሽ ነው የሚሉ ከሆነ፣ አባ ክሩሽካም ትንሽ ነው ብለዋል። ከዜሮ ሲቆጠር ግን አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም።

ስለ መረሳቱ ደግሞ፣ አባ ክሩሽካ በመጨረሻ ዓመታቸው እንኳን መጽሐፉን አላስቀመጡትም። በሞቱበት በ1937 ታርሞ የወጣ አዲስ እትም ነበር። በ69 ዓመታቸው የወጣትነት ሥራቸውን እንደገና እያረሙ ነበር ማለት ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ጽሑፉ እንደገና የሚወጣ ከሆነ የአባ ሆዱርን ዓመት ያርሙልን፤ 1897 ነው። በፖላንዳውያን-አሜሪካውያን ታሪክ ላይ መጻፋቸውን ግን እንዲቀጥሉ እፈልጋለሁ፤ በአማርኛ የሚጽፍበት ሰው ብዙ የለም። እንደ እኔ ሚልዋኪ ወይም ቺካጎ አካባቢ ካሉ የትርጉሙን የመጀመሪያ ቅጽ ላውሳቸው እችላለሁ። ስለ ኢሊኖይ የሚናገረው ሁለተኛው ቅጽ ለጊዜው ሌላ ሰው ጋ ነው፤ ሲመለስ እሱንም።